ታዳጊ ልጅ አይጠብቅም

(ይህ ደሴ ላይ ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለወረዳ ትምህርት ባለሙያዎች የተናገርኩት ነው። ስናገር ወዲያና ወዲህ ስለምል ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ። መጨረሻ ላይ ከተጠየቅኳቸው ጥያቄዎች ሁለቱን ጨምሬያለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። አመሰግናለሁ፣ ቁጭ በሉ።

ስለ ጦርነትና ትምህርት ሲወራ የሚለጠፈው ፎቶ ሁልጊዜ የትንሽ ልጅ ነው። ዓይኑ ትልልቅ፣ ደብተሩ የተቀዳደደ። አዝነን እናልፋለን። እኔ ዛሬ ስለ ሌሎቹ ነው የማወራው። ድምፁ መጎርነን ስለጀመረው፣ ከእናቷ ቁመት ስላለፈችው፣ ፎቶ ሲነሳ ስለማያሳዝነው። ከ13 እስከ 19 ስላሉት።

ለምን እነሱን? ነገሩ ወዲህ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ትምህርት ሲቋረጥበት ክፉ ነው፣ ግን ትምህርት ቤቱ ሲከፈት እናቱ እጁን ይዛ ትወስደዋለች። ቢዘገይም ይገባል። የ16 ዓመቱን ጎረምሳ ማን እጁን ይዞ ይወስደዋል? እሱ በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ ሌላ ሰው ሆኗል። ወይ ቀን ሥራ ገብቷል፣ ወይ ሄዷል፣ እሷም ወይ ተድራለች ወይ ፓስፖርት አውጥታለች። ትምህርት ቤቱ እስኪከፈት ታናሹ ይጠብቃል፣ ታዳጊው አይጠብቅም። ዛሬ የምለው ሁሉ ከዚህ የወጣ ነው፤ በሩ እስኪከፈት ድረስ ልጁ ተማሪነቱን እንዳይጥል ምን እናድርግ?

እስቲ በ2012 ስድስተኛ ክፍል የነበረች አንዲት የወልድያ ልጅ እናስብ። መጋቢት ላይ ኮሮና መጣ፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ። በ2013 ሰባተኛ ገባች። ጥቅምት ላይ በሰሜን ጦርነት ተጀመረ፣ ነሐሴ ላይ ወልድያ ደረሰ። በ2014 ስምንተኛ መሆን ሲገባት ከተማው እስከ ታኅሣሥ በጦርነት ውስጥ ነበር፣ ደሴና ኮምቦልቻም ጥቅምት ላይ ተያዙና ኅዳር መጨረሻ ተለቀቁ። ነሐሴ 2014 ቆቦ በኩል እንደገና። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ፣ እፎይ አልን። እፎይታው ዓመት አልሞላም፤ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሥቶ ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ የቀረውን እናንተም ታውቁታላችሁ። ነገሩ በሰላም ቢሆን ኖሮ ይህች ልጅ በ2018 የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። አንድም ዓመት ሙሉውን ሳትሳቀቅ ተምራለች ለማለት ግን እኔ በበኩሌ አልደፍርም። የጉርምስና ዘመኗ በሙሉ እንዲህ ነው ያለፈው።

በ2017 በአማራ ክልል ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ እንደሆኑ ሲነገር ሰምተናል። ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ጆሮ ይለምደዋል። ስለዚህ ቁጥሩን ልተወውና ልጆቹ የት እንደሄዱ ልንገራችሁ።

አንደኛው መንገድ ባሕር ነው። ለወሎ ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም። ከባቲ ወደ ሚሌ፣ ከዚያ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ በጀልባ የመን፣ ከየመን ሳዑዲ። የሐብሩም የቃሉም ልጅ ይህን መስመር እኛ ከምናስተምረው ጂኦግራፊ በላይ ያውቀዋል። ደላላው ደግሞ ብልጥ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ብር አይጠይቅም። «ስትደርስ ትከፍላለህ» ይላል። የመን ሲደርስ ታግቶ ነው አባቱ ላይ የሚደወለው፣ ያኔ በሬው ይሸጣል፣ መሬቱ በወለድ አገድ ይያዛል። ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ደላላ አያገኘውም አልልም። ያገኘዋል። ግን «ግንቦት ላይ ፈተና አለብኝ» የሚል ልጅና የሚጠብቀው ነገር የሌለው ልጅ ለደላላው የሚሰጡት መልስ አንድ አይደለም።

ሁለተኛው ትዳር ነው። ሕጉ 18 ዓመት ይላል። ወላጁም ይህን ያውቃል። እዚህ ያላችሁ እናቶች አትቀየሙኝ፣ ግን ስንት ቤት ነው «ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ቤት ቁጭ ከምትል፣ መንገዱም ሰላም የለው፣ አንድ ቀን አንድ ነገር ከሚደርስባት» ተብሎ የተዳረችው? ክፋት አይደለም፣ ፍርሃት ነው። አባትየው ልጁን የሚጠብቅለት ሰው ነው የፈለገው። ለዚህ ፍርሃት «ሕገ ወጥ ነው» ማለት ብቻውን መልስ አይሆንም፣ ልጅቷ በቀን ሁለት ሰዓት በሰላም የምትውልበት ቦታ ነው መልሱ።

ሦስተኛው ብረት ማንሳት ነው። ስለሱ ብዙ አላወራም። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ የማንም ወታደር መሆን የለበትም፣ የትኛውም ወገን ቢሆን። ይኸው ነው።

አሁን «ትምህርት ቤት ተከፍቷል» ስለሚባለው ነገር። ሪፖርት ላይ ተከፍቷል ይላል። አዎ፣ ተከፍቷል፣ ዘበኛው አለ፣ ደወሉም ይደወላል። ግን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ እንዴት እንደሚማር እናውቃለን አይደል? የገጠሩ ልጅ ከስምንተኛ በኋላ ከተማ ይመጣል። አራት አምስት ሆነው አንዲት የጭቃ ክፍል ይከራያሉ። ቅዳሜ በእግሩ ወይ በአይሱዙ ወደ ቤቱ ሄዶ እሑድ ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል፤ እንጀራ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ድርቆሽ፣ እናት ካላት ደግሞ በሶ። የሳምንቱ ትምህርት የሚቆመው በዚያ ከረጢት ላይ ነው። መንገድ የተዘጋ ቀን ስንቅ ይቀራል። ስንቅ ከቀረ ልጁ ሐሙስ ላይ ክፍል አይገባም፤ ተርቦ አልጀብራ የሚገባው ሰው አላየሁም። ምገባ የሚባለው ነገር ደግሞ በአብዛኛው ለታናናሾቹ ነው የታሰበው፣ ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል አይደርስም። ስለዚህ ሰው «ተማሪዎቹ ለምን አይመጡም፣ እኛ ከፍተናል» ሲል በጣም ነው የምናደደው። የከፈትከው በሩን ነው፣ ልጁ የቀረው ስንቅ አልቆበት ነው።

እዚህ ላይ ለከተማ ሰዎች አንድ ነገር ልበል። መንገድ በተዘጋ ሰሞን ለአንድ የገጠር ተማሪ የሳምንት እንጀራ መሸፈን የሚችል ቤት በየሰፈሩ አለ። እድሩ ለለቅሶ ድንኳንና ድስት ያወጣል፤ ለስንቅም ማውጣት ይችላል። ተማሪዎቹም ሲያገኙ ይመልሳሉ፤ ጤፍ የማይመልስ የገበሬ ልጅ የለም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነገር አሰልቺ ይመስላል፣ ግን ብዙ ልጅ የሚቀረው እዚህ ጋ ነው። ወረቀት። ከወለጋ ተፈናቅሎ ሐብሩ ጃራ የሰፈረ ልጅ፣ ወይም ከቆቦ ገጠር ወጥቶ ደሴ ዘመድ ጋ የተጠጋ ልጅ ምዝገባ ሲሄድ «መልቀቂያ አምጣ» ይባላል። ከየት ያምጣ? የነበረበት ትምህርት ቤት ተቃጥሏል፣ ሮስተሩ፣ ማለትም የውጤት መዝገቡ፣ የለም፣ ርዕሰ መምህሩም ራሱ ተፈናቃይ ነው። አንዲት ልጅ ካርዷን በፌስታል ጠቅልላ፣ ፌስታሉን በነጠላ ቋጥራ፣ ነጠላውን ወገቧ ላይ ታጥቃ ነው ይዛው የመጣችው። ልብስ አልያዘችም። ካርዱ ላይ ግን የመጀመሪያው መንፈቅ ውጤት ብቻ ነው የተሞላው፣ ሁለተኛው ባዶ ነው፤ መዝጋቢው ደግሞ «ሙሉ አይደለም» ብሎ መለሳት። ሴሚስተሩን ያቋረጠችው እሷ አይደለችም። ይህን ለማስረዳት ሦስት ሰው አስከትላ መምጣት ነበረባት?

ፈትኑና መድቡ ነው የምለው። የሰባተኛ ክፍል ንባብ ስጡት፣ ሒሳብ ስጡት፣ የቻለበት ክፍል አስገቡት፣ ማስረጃው ሲገኝ ይሟላል። ወላጆች ደግሞ ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ የልጃችሁን ካርድ በስልክ ፎቶ አንሱት፣ የፊቱንም የጀርባውንም። ለዘመድ ላኩት፣ ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ አስቀምጡት። መምህራን፣ ሆምሩም የሆናችሁ፣ ሮስተሩን እንዲሁ። ወረዳ የሚሄደው ኮፒ እንዳለ አውቃለሁ፣ ግን ወረዳውም የተቃጠለበት ጊዜ አለ።

እሺ፣ ክፍል ከሌለስ? መምህርም ከሌለ? ይሄኔ ብዙ ሰው ወደ ኢንተርኔት ያያል። ኦንላይን ይማሩ ይባላል። አቦ፣ ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ ነበር እኮ። በዳታ ላይ የተሠራ ነገር ለእኛ አይሆንም። ሜሞሪ ካርድ ግን ይሆናል። ከሰባተኛ እስከ 12ኛ ያሉ የመማሪያ መጻሕፍት በአንዲት ሜሞሪ ካርድ ይገባሉ፣ ከስልክ ስልክ ይገለበጣሉ፤ ዘፈን የሚጭነው ልጅ መጽሐፍም ይጭናል፣ ብር ስጡት ብቻ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከመጣ ወዲህ የታተመ መጽሐፍ በእጁ ያለው ተማሪ ጥቂት ስለሆነ ይሄ ለሰላሙም ጊዜ ይጠቅማል።

መምህሩን ደግሞ ከራሳችን ቤት ማምጣት እንችላለን። እዚህ አገር ግድግዳ የሌለው ትምህርት ቤት አዲስ ነገር አይደለም። ሐይቅ እስጢፋኖስ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲያስተምር የኖረ ገዳም ነው። የወሎን ሐሪማዎች፣ የእስልምና ትምህርት የሚሰጥባቸውን ገታን፣ ጃማ ንጉሥን፣ ዳናን፣ እናንተው ታውቃላችሁ፣ ደረሳው ከየት ከየት ተነሥቶ ነበር የሚመጣው። በአብነት ትምህርት ቤት የኔታ ሁሉንም ልጅ ራሳቸው አያስተምሩም፤ ዳዊት የደገመው ፊደል የያዘውን ያስቀጽላል፣ የኔታ ያርማሉ። በሐሪማውም የቆየው ደረሳ ለጀማሪው ያቀራል፣ ሼሁ ከላይ ያያሉ። አንድ አዋቂ፣ ብዙ ታላላቆች፣ ብዙ ታናናሾች። ዛሬ በየቀበሌው 12ኛ ጨርሶ ውጤት ሳይመጣለት ቤት የተቀመጠ ልጅ ሞልቷል። ሰባተኛና ስምንተኛን ማስያዝ ይችላል። አንድ መምህር በሳምንት አንድ ቀን ብቅ ብሎ ያርማል። ግቢው የመስጊድ ይሁን፣ የቤተ ክርስቲያን ይሁን፣ የገበሬ ማሠልጠኛ ይሁን ግድ የለም። ለአስያዡ ልጅ የምትከፈል ትንሽ ነገር ግን ትኑር። በነፃ አገልግሎት አንድ ወር ይሄዳል፣ ሁለተኛው ወር ላይ እሱም ባቲ ነው።

ምን ይማሩ? ሁሉን ትምህርት እናስጨብጥ ካልን ምንም አናስጨብጥም። ንባብ፣ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ። ከዘጠነኛ በላይ ለሆነው ከሳይንሱ ወይ ከኅብረተሰቡ አንድ። በቃ። ስንጀምር ደግሞ ልጁን ከሚያውቀው ላይ እንነሣ። አንድ ጎረምሳ ግማሽና ሲሶ ደምር ብለው ሁለት አምስተኛ አለኝ፤ ላዩን ከላዩ ታቹን ከታቹ ደመረው። ሥራህ ምንድን ነው አልኩት። አሸዋ ማራገፍ። ከጓደኞችህ ጋር ሒሳቡን እንዴት ነው የምትካፈሉት ስለው፣ አንዱ ግማሽ ቀን ብቻ ሠርቶ ከሄደ፣ ሌላው ዘግይቶ ከመጣ፣ ለእያንዳንዱ ስንት እንደሚደርሰው በቃሉ ልክ ልኩን ነገረኝ። አካፋ ያበደረው ልጅ ድርሻ እንኳ አልቀረም! ይህን ልጅ «መሠረት የለህም» ብሎ ከሦስተኛ ክፍል ሕፃናት ጋር ማስቀመጥ ልጁን ማባረር ነው። ወረቀቱን ወደ አሸዋው አምጡለት፣ በሁለት ሳምንት ክፍልፋይ ይጨርሳል።

ስፒድ ስኩል የሚባለው ፕሮግራም ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን አለ። ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉና ከትምህርት የራቁ ልጆችን ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያለውን በአሥር ወር አስይዞ ወደ መደበኛው ይመልሳል። ጥሩ ነገር ነው። የእኔ ቅሬታ የ15፣ የ17 ዓመቱ ልጅ ተመሳሳይ ነገር ማጣቱ ላይ ነው። ከሰባተኛ እስከ ስምንተኛ ያለውን በአንድ ዓመት አስይዞ ሚኒስትሪ የሚያስፈትን ነገር ለምን አይኖርም? የሚከለክለው የትምህርቱ ብዛት ነው ብዬ አላምንም። ለታዳጊ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ስለሌለ ነው። አልኩ አይደል፣ ፎቶው አያሳዝንም።

ፈተና ካነሣን አይቀር። በ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ያለፈው 3.3 በመቶ ነበር፣ አገር ደነገጠ። በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ አለ፣ ደስ አለን። ግን የተፈታኙንም ቁጥር እዩልኝ፤ ከ896 ሺህ ገደማ ወደ 586 ሺህ ገደማ ነው የወረደው፣ በአገር ደረጃ። ሁሉም በጦርነት የቀረ ነው አልልም፣ ሌላም ምክንያት አለው። ብቻ ስንት በመቶ አለፈ ብለን ስንጠይቅ ስንቱ አዳራሹ ድረስ መጣ ብለን መጠየቅ ረስተናል። የእኛ ልጆች ደግሞ ለመፈተን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ድረስ መጓዝ አለባቸው። መንገዱ ላይ ማን እንዳለ እናንተ ታውቃላችሁ።

ለዚህም ሰው አለን። ወሎ አበጋር ያለው አገር ነው። ደም አድርቀው ሁለት ጎሣ የሚያስታርቁ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እሺ የሚላቸው ሽማግሌዎች። ፖለቲካውን ያስታርቁ አላልኩም፣ እሱ ከእነሱ አቅም በላይ ሊሆን ይችላል። ግን «በእነዚህ የፈተና ቀናት የተማሪ መኪና አይቁም፣ አይፈተሽ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ማንም የታጠቀ ሰው አይደር» ብለው ለሁለቱም ወገን ቢልኩ የሚንቃቸው ያለ አይመስለኝም። ትንሽ ጥያቄ ነው። ከትንሹ ይጀመር።

ስለ መምህራን አጭር ላድርገው፣ እዚህ ብዙ ስላላችሁ ራሳችሁን ማመስገን ይሆንባችኋል። ደመወዝ በዘገየበት፣ ብታስተምሩ በአንዱ ባታስተምሩ በሌላው በምትጠረጠሩበት ጊዜ ጠመኔ አልጣላችሁም። መምህር ስላስተማረ አይነካ። ይህ ካልተከበረ ከላይ የዘረዘርኩት ሁሉ ወሬ ነው።

ወደ ጥያቄዎቹ ልሂድ።

አንዲት እናት ተነሡና «ልጄ 19 ሞላት፣ ስምንተኛን አልጨረሰችም። ቤት ሥራ እየሠራች ነው። ተመለሽ ብላት ከሕፃን ጋር አልቀመጥም አለችኝ፣ ምን ላድርጋት?» አሉ። እማማ፣ ልጅዎ ልክ ናት። 19 ዓመት የሞላት ሴት ከ13 ዓመት ልጅ ጎን አትቀመጥም፣ እኔም አልቀመጥም። የማታ ትምህርት ይጠይቁላት። አሠሪዎቿ ማታ ይልቀቋት እንደሆነ ደግሞ እርስዎ ራስዎ ሄደው ያነጋግሯቸው፤ እሷ ከምትጠይቅ እርስዎ ቢጠይቁ ይሻላል፣ እናትን እምቢ ለማለት ይከብዳል። እሷን «ተማሪ» አይበሏት መጀመሪያ። «ሚኒስትሪውን ብቻ ውሰጅው» ይበሏት። ከወሰደች በኋላ የሚቀጥለውን ራሷ ታመጣዋለች። ደግሞ አብሽሩ፣ ብቻዋን አይደለችም፣ የማታው ክፍል ውስጥ እኩዮቿን ታገኛለች።

ሌላው ጠያቂ ርዕሰ መምህር ናቸው። ትንሽ ተቆጥተዋል፣ ደግሞም እውነት አላቸው። «አንተ ያለ መልቀቂያ መዝግቡ ትላለህ። ነገ ኦዲት ሲመጣ፣ ወይ ልጁ ሁለት ቦታ ተመዝግቦ ሲገኝ፣ የምጠየቀው እኔ ነኝ። አንተ ንግግር አድርገህ ትሄዳለህ» አሉኝ። ትክክል ነው። ርዕሰ መምህሩ በራሱ ድፍረት እንዲመዘግብ መጠየቅ አግባብ አይደለም። የሚያስፈልገው ከትምህርት መምሪያው የሚወጣ አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው፤ ተፈናቃይ ተማሪ በምደባ ፈተና በጊዜያዊነት ይመዝገብ፣ ማስረጃ ለማሟላት ይህን ያህል ጊዜ ይሰጠው፣ ለዚህም ትምህርት ቤቱ አይጠየቅ የሚል። ረቂቁን ርዕሰ መምህሩና እኔ እዚያው ጽፈነዋል። ከመምሪያው የመጡት ባለሙያ አንብበውት «ጊዜያዊ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ የጊዜ ገደቡ በቁጥር ይግባ ብለዋል፤ ረቡዕ ጠዋት ይዘነው ቢሮ እንድንመጣ ቀጥረውናል። ተመሳሳይ ችግር ያለባችሁ ርዕሰ መምህራን ያልመዘገባችኋቸውን ልጆች ብዛት ከነክፍላቸው ጽፋችሁ እስከ ማክሰኞ ብታደርሱን አብረን እናያይዘዋለን።